ያዕቆብ የተኛበት ቦታ

አንዲት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት «ጾሙን እጾማለሁ፣ ግን ቅዳሴ አልደርስም፤ እግዚአብሔር ርቆኛል» ብለው እያለቀሱ ነገሩኝ። በዐቢይ ጾም የአዘቦት ቀን ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ በዚያ ሰዓት ምጣድ ላይ ናቸው።

እስቲ ያዕቆብን እናስብ (ዘፍ. 28)። ከወንድሙ ከዔሳው ሸሽቶ ወደ ካራን ሲሄድ መሸበትና ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ። ሱባዔ አልገባም፣ መሥዋዕትም አላቀረበም፤ ደክሞት ነው የተኛው። እግዚአብሔር ግን እዚያው ነበር። ያዕቆብ ይህን ያወቀው ከነቃ በኋላ ነው፤ አለማወቁ አምላኩን አላራቀበትም።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አያስፈልግም ማለት ነው? አይደለም! ያዕቆብም እኮ ሲነቃ ድንጋዩን አቁሞ ዘይት አፈሰሰበት፣ ቦታውንም ቤቴል ብሎ ጠራው። እግዚአብሔር አብሮት እንዳለ ያወቀ ሰው ዝም ብሎ አይሄድም። ጊዜ እያለን በስልክና በወሬ የምንጨርሰው ደግሞ በኒህ እናት አናመካኝ። እኔ ራሴ መብራት ይዤ መቅደስ ቆሜ ልቤ ገበያ የዋለበት ቀን አለ።

ለእናታችን «ምጣዱን ሲያስሱ በስመ አብ ይበሉ፤ ሊጡን ባፈሰሱ ቁጥር እግዚኦ ይበሉ፤ እሑድ ማልደው ይምጡ» አልኳቸው።

«ጭሱ ውስጥም ይሰማኛል?» አሉኝ።

«ይሰማዎታል እማማ» አልኳቸው።