ገና ያልመጣው ዕቃ ያለንን ሲያስረጅብን

ለመሆኑ አንድ ዕቃ አረጀ የሚባለው መቼ ነው? አልሠራ ሲል ነውን? ወይስ ከእሱ የተሻለ ሌላ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ? ነገሩ የነጋዴና የገበያ ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። ጥቂት ቢመረምሩት ግን ከኪስ አልፎ ወደ ልብ የሚገባ፣ ሰው ከጎረቤቱ፣ ከቤተሰቡና ከገዛ ራሱ ጋር ያለውን ኑሮ የሚነካ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

እኔ በምኖርባት በባሕር ዳር ይህን ጥያቄ ለማንሣት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከተማችን ሜዳማ በመሆኗ ለብዙ ዘመን በብስክሌት ስትታወቅ የኖረች ናት። ዛሬ ግን መንገዱን የያዘው ባጃጅ ነው። ከአስር ሰዓት በኋላ ወደ ጣና ዳር ወረድ ያለ ሰው በየዛፉ ጥላ ሥር የተቀመጡ ወጣቶችን ያገኛል። ገሚሱ በጆሮው ገመድ የሌለው ማዳመጫ ሰክቷል። ገሚሱ ደግሞ ስልኩን እያገላበጠ በመጪው ዓመት ይወጣሉ የተባሉትን ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ይመለከታል። ስለ ባትሪያቸው፣ ስለ ቀለማቸው፣ ስለ ዋጋቸው ይከራከራል። ሊገዛቸው የሚችል ከመካከላቸው ምናልባት አንድም የለም። ክርክሩ ግን የገዛ ሰው ክርክር ነው።

ወሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታውቋል። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር የዚህ ምክንያት ግልጽ ነው። ከጣና ወጥቶ የሚሄደው ዓባይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ኃይል እየሰጠ ባለበት ጊዜ መኪናን በኤሌክትሪክ ማሽከርከር የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ አዲስ ነገርን የሚያወግዝ አለመሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይረዳልኝ። የምጠይቀው ሌላ ነው። ገና ያልመጣ ዕቃ በዛሬው ኑሯችን ላይ ይህን ያህል ሥልጣን እንዲኖረው ማን ፈቀደለት?

አንድ ምሳሌ ላንሣ። የእህቴ ልጅ በባጃጅ ይተዳደራል። ከገበያ ወደ ዓባይ ማዶ ተማሪ፣ እናቶችና ሸቀጥ ሲያመላልስ ይውላል። አንድ ቀን አብሬው ስሄድ ፍሬኑ ሲረገጥ የሚያሰማው ድምፅ አላማረኝምና ለምን እንደማያሠራው ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ምን ያደርግልኛል፤ ሊቀየር ነው እኮ። ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና ስትመጣ ይህንን ሸጬ እቁቤን እጨምርና እሷን ነው የምይዘው» አለኝ። መቼ ትመጣለች ብለው ቀኑን አያውቀውም። ዋጋዋንም አያውቀውም። የሚያውቀው ይህች ባጃጅ ከእንግዲህ የእሱ አለመሆኗን ነው። በልቡ ከሸጣት ቆይቷል። ነገር ግን በየቀኑ ሦስት ሦስት ሰው ይጭንባታል። «የፍሬን ሸራው እስኪቀየር ድረስ የምትጭነው ሰው ነፍስ የማን ነው?» አልኩት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። በማግስቱ ወደ ጋራዥ መውሰዱን እናቱ ነገረችኝ።

እንግዲህ የነገሩ ጉዳት እዚህ ላይ ይታያል። ገና ያልመጣውን መመኘት በራሱ ኃጢአት ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ምኞቱ በእጃችን ያለውን አማና ችላ ለማለት ምክንያት ሲሆነን ሌሎችን መጉዳት ይጀምራል። «ሊቀየር ነው» የሚለው ቃል ስንቱን ነገር እንዳበላሸ ልብ እንበል። ቤት ሊቀየር ነው ተብሎ ጣሪያው ሳይጠገን ክረምት ይገባል። ሥራ ሊቀየር ነው ተብሎ ዛሬ የተያዘው ሥራ ይበደላል። እያንዳንዱ «ሊቀየር ነው» ዛሬን ከሒሳብ ያወጣታል። የምንጠየቀው ግን በያዝነው እንጂ በተመኘነው አይደለም።

ይህ ስሜት በሰው ልብ ውስጥ ጥንትም የነበረ ቢሆንም በፋብሪካ ደረጃ ታቅዶ መመረት የጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። የፎርድ ኩባንያ «ሞዴል ቲ» የተባለችውን መኪና እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ድረስ በመሠረቱ ሳይለውጣት ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ሠርቶ ሸጧል። ተወዳዳሪው ጄኔራል ሞተርስ ግን በአልፍሬድ ስሎን መሪነት ሌላ ዘዴ አመጣ። በየዓመቱ መልኩ ለወጥ ያለ ሞዴል ማውጣት ነበር። ያምናው መኪና ዘንድሮም ይሄዳል፤ ነገር ግን ያምና መሆኑ በመልኩ ይታወቃል። የዚሁ ኩባንያ የምርምር ክፍል ኃላፊ የነበረው ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1929 ባወጣው ጽሑፍ ገዢው ባለው ነገር እንዳይረካ አድርጎ ማቆየት ለኢንዱስትሪ አስፈላጊ መሆኑን በግልጽ ተከራክሯል።

የሚያስገርመው ደግሞ ይኸው ሰው የሠራው ሌላ ነገር ነው። በፊት መኪና የሚነሣው ከፊት ለፊቱ ብረት ገብቶ በእጅ እየተዞረ ነበር። ሞተሩ በድንገት ወደ ኋላ ሲመልስ የስንቱን ሰው ክንድ ሰብሯል። እ.ኤ.አ. በ1912 የካዲላክ መኪና ላይ የገባውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ፣ የእኛ መካኒኮች ሞተሪኖ የሚሉትን፣ የፈለሰፈው ኬተሪንግ ነው። እንግዲህ በአንድ ሰው እጅ ሁለት ዓይነት አዲስ ነገር ሲወጣ እናያለን። አንደኛው ከሰው ላይ ሸክምና አደጋ ያነሣ አዲስ ነው። ሁለተኛው የጎረቤቱን መኪና አይቶ ሰው በራሱ መኪና እንዲያፍር የሚያደርግ አዲስ ነው። ሁለቱም «አዲስ ሞዴል» ተብለው በአንድ ስም ይጠራሉ። የእኛ ሥራ ለይቶ ማወቅ ነው።

በአገራችን ነገሩ ለየት ያለ መልክ አለው ማለት ይቻላል። እኛ ዘንድ መኪና በቶሎ ከዋጋው አይወርድም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የተሠራች ዲኤክስ ወይም ዕድሜ የጠገበች ቪትዝ ከተገዛችበት በላይ ስትሸጥ ያላየ የለም። ስለዚህ ዕቃን በየዓመቱ መጣል የእኛ በሽታ አይደለም። የእኛ በሽታ ሰውን በዕቃው መመዘን ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በአንዲት ትንሽ ፎልክስዋገን ነበር። ከዚያ ቀን ብዙ ነገር ሲረሳ የመኪናዋ ትንሽነት ግን እስከ ዛሬ ይወራል። ፎልክስዋገኗ እንደ መኪና ምንም አልጎደላትም፤ ዓይነቷ መልኩን ብዙም ሳይለውጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ሰው ያነበባት ግን እንደ ማዕረግ ነው። ዛሬም በሠርግና በለቅሶ ቤት በር ላይ የቆሙትን መኪኖች እንደዚሁ እያነበብን አይደለምን? ቁርአን ውስጥ አንድ ምዕራፍ በብዛት በመፎካከር ስም «አት-ተካሱር» ተብሎ መጠራቱ በሽታው የዘመናችን ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

ከዚህ ላይ ከጣና አንድ ትምህርት ብንወስድ መልካም ነው። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ታንኳ ከደንገል ይሠራሉ። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ ታስሮ ይገጠማል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጥቂት ወራት በላይ አይዘልቅም። ያን ጊዜ ሌላ ይሠራል። እንግዲህ ዕድሜው ማጠሩ ብቻ ዕቃን ክፉ አያደርገውም ማለት ነው። ታንኳው ያረጀው ሥራውን ጨርሶ ነው፤ ሲጣልም ወደ መጣበት ዳርቻ ይመለሳል። የሚቀጥለው ታንኳ ያለፈውን አያሳፍረውም፤ ቅርጹ ያው ነውና። ይህን ጥበብ የያዙት ወገኖች ሙስሊሞች ሆነው ሳለ ለብዙ ዘመን በጎረቤቶቻቸው፣ በእኛም በሙስሊሞቹ ጭምር፣ ሲናቁ መኖራቸውን መደበቅ አይገባም። ከጣና የተወሰደ ደንገል ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል «ራ» ብሎ የሰየማትን ጀልባ ሠርቶ አብዛኛውን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ተሻግሯል። በዓመቱ የተሠራችው ሁለተኛይቱ የደንገል ጀልባ በ57 ቀን ባርባዶስ ደርሳለች። ሰውን በዕቃው አዲስነት የሚመዝን ዓይን ምን ያህል እንደሚሳሳት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ወደ ጆሮ ማዳመጫው እንመለስ። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ዎክማንን ሲያወጣ የመጀመሪያዋ ሞዴል የማዳመጫ መሰኪያዋ ሁለት ነበር። ከዚህም በላይ ሁለቱ አድማጮች መነጋገር ሲፈልጉ የሚጫኗት አንዲት ቁልፍ ነበረቻት። ስትጫን የካሴቱ ድምፅ ዝቅ ይልና የጓደኛ ድምፅ ይሰማል። ምክንያቱ የኩባንያው ሊቀ መንበር አኪዮ ሞሪታ አንድ ሰው ሌሎች ባሉበት ለብቻው ማዳመጡን እንደ ነውር መቁጠሩ ነበር። ገዢው ግን ለየራሱ መግዛቱን መረጠ። ከጊዜ በኋላ በወጡት ሞዴሎች ላይ ያቺ የመነጋገሪያ ቁልፍ ቀረች። በ2001 አይፖድ መጣ፤ አንድ ሺህ ዘፈን በኪስ ይዞ ነበር። እሱም በ2022 መመረቱ አበቃ። ዛሬ ገመዱም ጠፍቶ ማዳመጫው ከጆሮ ውስጥ የገባ ጠጠር አክሏል። ካሴት ክሩ ሲላላ በእርሳስ ይጠነጠን ነበር፤ ቴፑ ሲበላሽ ጠጋኝ ነበረው። የዛሬዋ ጠጠር ባትሪዋ ሲደክም የምትጣል ናት።

ከጠፋው ሁሉ ግን የሚያሳዝነኝ ያቺ ቁልፍ ናት። ማሽኑን የሠራው ሰው እንኳ አጠገብህ ያለው ሰው ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርግ የሚል አደብ በዕቃው ላይ አስቀምጦ ነበር። ዛሬ ያ አደብ በዕቃው ላይ ስለሌለ በሰውየው ላይ መኖር አለበት። በጣና ዳር ሁለት ጓደኛሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዳቸው ሌላ ዓለም ሲያዳምጡ አያለሁ። ሰላምታ ሲቀርብላቸው አይመልሱም፤ ንቀው አይደለም፤ አልሰሙም። ሰላምታን መመለስ ግዴታ በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ ራስን ሰላምታ እንዳይሰማ አድርጎ መንገድ ላይ መውጣት ቀላል ነገር ነውን? በሌላ በኩል ፍትሐዊ መሆን ይገባል። የባጃጁን ድምፅ ማጉያ እስኪሰነጠቅ ከፍቶ የማንፈልገውን ዘፈን ከሚያስገድደን ይልቅ በጆሮው የሚያዳምጠው ሺህ ጊዜ ይሻላል። እሱ ቢያንስ ሌላውን አይበድልም። ለራሱ ጆሮ ግን ያስብ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በድምፅ ብዛት የመስማት ችሎታቸው አደጋ ላይ ያለ ወጣቶች ከአንድ ቢሊዮን በላይ መሆናቸውን ይናገራል።

አንድ ተከራካሪ እንዲህ ይለኝ ይሆናል፦ «ባለህ ተብቃቃ የሚለው ምክር ድሃውን በድህነቱ የሚያኖር ነው። ሰው ሁሉ በያዘው ቢረካ ኖሮ ሞተሪኖም፣ የኤሌክትሪክ መኪናም ባልተገኘ ነበር።» ክርክሩ ቀላል አይደለም። መልሴ ግን ይህ ነው። አለመርካት ሁለት ዓይነት ነው። መሐንዲሱ ያልረካው በዕቃው ጉድለት ነው፤ ክንድ የሚሰብር ብረት አየና አስወገደው። አለመርካቱ ሥራ ወለደ። ምቀኛው ያልረካው ግን በራሱ ደረጃ ነው፤ ዕቃው ጉድለት የለበትም፤ የሌላው ሰው ዕቃ ነው የከነከነው። የዚህኛው አለመርካት ዕዳን እንጂ ሌላ አይወልድም። ቀናዓ፣ ማለትም ባለው መብቃቃት፣ ፊተኛውን አይከለክልም፤ ኋለኛውን ነው የሚከለክለው። የእህቴም ልጅ የነዳጅ ወጪው ከአቅሙ በላይ ሆኖ አስቦና አስልቶ የኤሌክትሪክ መኪና ቢገዛ ቀናዓን አላፈረሰም። ያፈረሳት ፍሬኑን ትቶ በምኞት ሲነዳ በነበረ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ለራሴም ለአንባቢም የምመክረው ሦስት ጥያቄ ነው። የማስበው አዲስ ዕቃ ከእኔ ወይም ከሌላ ሰው ላይ የሚያነሣው ሸክም ምንድን ነው? ማንም ሳያየኝ የምጠቀምበት ቢሆን ኖሮ እገዛው ነበርን? እሱን ስጠብቅ ችላ ያልኩት በእጄ ያለ አማና አለን? ለመጀመሪያው መልስ ያጣ፣ በሁለተኛው ያፈረ፣ በሦስተኛው የደነገጠ ሰው ገንዘቡን ለጊዜው በኪሱ ቢያቆየው ይሻለዋል። አዲሱ ሞዴል እንደሆነ አይቀርም፤ በዓመቱ እሱም አሮጌ ተብሎ ሌላ ይታወጅበታል። ዛሬ የሚጫነው ተሳፋሪና ዛሬ ሰላም የሚለን ጎረቤት ግን የሚጠብቁን ዛሬ ብቻ ነው። ወላሁ አዕለም።