ስለ እንግዳና ስለ ባዕድ አገር መጠጥ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር በሄደ ጊዜ የዚያን አገር መጠጥ ሊቀምስ ይገባዋልን? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰውን ልቡና ይመረምራል።

በአዲስ አበባ ኦሎምፒያ በተባለው ሰፈር ከሩቅ የመጡ እንግዶች በየሆቴሉ ያድራሉ። ጠጅ ቀርቦላቸው ቢቀምሱ የባለሙያዪቱን ድካም አከበሩ እንጂ አልበደሉም። ኢትዮጵያዊውም በስኮትላንድ ውስኪ ቢቀርብለት ፈጽሞ ባዕድ ነገር አላገኘም። በአገሩ ጠላ የሚጠመቅበት የገብስ ብቅል በዚያ የውስኪ መነሻ ነው፤ እንደ ዐረቄ በእሳት ከወጣ በኋላ ቢያንስ 3 ዓመት በባሉጥ በርሜል ይቀመጣል። የባቫርያም መሳፍንት በ1516 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በቢራ ውስጥ ከገብስ፥ ከውሃና የጌሾን ሥራ ከሚሠራው ከሆፕ አበባ በቀር ሌላ እንዳይገባ ደንግገዋል። እንግዲህ ብዙ ድካምና ጥንቃቄ የተደረገበትን ነገር በልክ መቅመስ አገሩን ማክበር ነው፤ 3 ዓመት የተጠበቀውን በአንድ ሌሊት ስካር ማጥፋት ግን ሠሪውንም ራስንም መናቅ ነው።

መጠጥ በራሱ ርኩስ አይደለም፤ ጌታ በቃና ዘገሊላ ውሃውን ወይን አድርጎታልና። ፈተናው ሌላ ነው። ሰው በአገሩ ሳለ ጎረቤቱ ያየዋል፥ የነፍስ አባቱ ይጠይቀዋል፥ ልጆቹ በር በሩን እያዩ ይጠብቁታል። በባዕድ አገር ግን ይህ ሁሉ አጥር የለም። ረቡዕንና ዓርብን እስከ 9 ሰዓት ይጾም የነበረው ሰው «በዚህ ማን ያውቀኛል» ብሎ በማለዳ ብርጭቆ ቢያነሣ፥ ያሳተው መጠጡ አይደለም፤ መጠጡስ ቀድሞም የሚጾመው ለጎረቤት ዓይን እንደ ነበረ ገለጠበት እንጂ።

«እንቢ ማለት ባለቤቱን ያስቀይማል» የሚል ቢኖር ዳንኤልን ይመልከት። በባቢሎን ምርኮኛ ሳለ ከኢየሩሳሌም የሚያየው አልነበረም፤ የንጉሡን ወይን ግን አልጠጣም። ቢሆንም አልተሳደበም፥ ማዕዱንም አልገለበጠም፤ በትሕትና የ10 ቀን ፈተና ለመነ እንጂ፤ አለቃውም ፈቀደለት።

በኢትዮጵያ አሳላፊው ጠላውን በመዳፉ ቀምሶ ለእንግዳ መስጠቱ የታማኝነት ምልክት ነው። መንገደኛም በሄደበት ሁሉ ታማኝነቱን በልኩ ያሳይ፤ በሚያውቁት ዘንድ ሊነግረው የሚያፍርበትን በማያውቁት ዘንድ አያድርግ።