ስለ ከተሞች ቅንዓት

ፊልጶስ ናትናኤልን አግኝቶ ስለ ናዝሬቱ ኢየሱስ በነገረው ጊዜ፥ ናትናኤል ከዚያች ከተማ በጎ ነገር ይገኛል ብሎ ለማመን እንደ ተቸገረ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 1 ተጽፏል። ይህን ስናነብ ብዙዎቻችን የናዝሬትን ታናሽነት ብቻ እናስባለን። ዳሩ ግን ያው ወንጌላዊ በምዕራፍ 21 ናትናኤል ከወዴት እንደ ሆነ ይነግረናል፤ የገሊላ ቃና ሰው ነበረ። ቃናና ናዝሬት ደግሞ ጎረቤታሞች ናቸው። እንግዲህ ናትናኤል ናዝሬትን ያቃለለ የሮም ወይም የኢየሩሳሌም ሰው ሆኖ አይደለም፤ የጎረቤት መንደር ሰው ስለ ሆነ ነው እንጂ። ሮምማ ናዝሬትን አትንቃትም ነበረ፤ መኖሯንም አታውቅምና።

ይህ ነገር ትዝ ያለኝ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ነው። ቀድሞ በሐይቁ ስም ዝዋይ ትባል ከነበረችው ከባቱ ተነሥተን ወደ ደብረ ጽዮን ደሴት ለንግሥ በጀልባ ስንሻገር፥ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የአዳማ ነጋዴ፥ አንዱም የባቱ መምህር ነበሩ። ነጋዴው በጨዋታ መልክ፥ «መምህር፥ ከተማችሁ ደስ ትላለች፤ ለኛ ለመንገደኞች ግን ዓሣ በልተን የምናልፍባት ናት» አለ። መምህሩም፥ «እናንተስ ዘንድ ቢሆን ጋሼ፥ ሰው የሚወርደው መኪና ሊለውጥ አይደለምን?» ብሎ መለሰለት። የተሳፈረው ሁሉ ሣቀ።

ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ከረረ። ነጋዴው የባቡሩን መንገድ፥ የአገራችን የመጀመሪያ የሆነውን የፍጥነት መንገድ፥ የምሥራቅ ሸዋ ዞን መቀመጫነትን ቈጠረ። መምህሩም ሐይቁን፥ የአበባውን እርሻ፥ የወይኑን ተክል፥ ከሞጆ በመቂ በኩል የመጣውን አዲሱን መንገድ፥ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ወጣቶችን ያስተማሩበትን የሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤልን ገዳም ጠራ። እኔ ዝም ብዬ ሰማሁ። ባለ ጀልባው የዛይ ተወላጅ ነው፤ እሱም ዝም አለ።

በግዕዝ ቋንቋችን ቅንዓት የሚባለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ኤልያስ ለእግዚአብሔር ቀና ስንል ቅንዓት ነው፤ ቃየል በአቤል ቀና ስንልም ያው ቅንዓት ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙንና ወርቁን እንደሚለይ፥ ይህን ቃል የሚሰማም ሰው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ይኖርበታል። ከተማ በከተማ ላይ ሲቀና ጥያቄው ይኸው ነው። የኤልያስ ነው ወይስ የቃየል?

ከተሞች አብዝተው የሚኮሩበት ነገር ራሳቸው ያላመጡት መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። የምድር ባቡር ከጅቡቲ ሲመጣ ሐረርን ይነካል ተብሎ ታስቦ ነበረ፤ ተራራው ስላስቸገረ ግን መሐንዲሶቹ በታች በቈላው መሩት። በ1895 ዓመተ ምሕረት ባቡሩ የደረሰበት ባዶ ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ፤ ስንት ዘመን ንግድን የመራችው ሐረር ከተራራዋ ላይ ሆና ቍልቍል ትመለከት ጀመር። የሐረር ሰው ምን በደለ? የድሬዳዋስ ሰው ምን ሠራ? አዳማም እንዲሁ ሐዲዱ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ በመንገዱ ላይ የተገኘች ናት። በ1992 የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ እንድትሆን ተወሰነ፤ በ1997 መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። በአምስት ዓመት መካከል አንድ ክብር መጥቶ ሄደ፤ ሲመጣም ሲሄድም የአዳማ ሰው ያው ሰው ነበረ፤ ነጋዴው ይሸጥ ነበረ፤ ጋሪ ነጂውም ይነዳ ነበረ። እንዲህ ባለው ክብር መመካት በተከራዩት ቤት እንደ መመካት ያለ ነው። ስለ ሻሸመኔና ስለ ሐዋሳም ይህንኑ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የሁለቱን ነገር ያነሣሁ እንደ ሆነ አንዱ ወገን ደብዳቤ ስለሚጽፍብኝ አልፈዋለሁ።

ይህን ስል እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከዚህ በሽታ ንጹሓን ነን ማለቴ አይደለም። በኒቅያ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ325፥ የሮም፥ የእስክንድርያና የአንጾኪያ ቀዳሚነት ታውቆ ነበረ። በ381 ቍስጥንጥንያ አዲሲቱ ሮም ስለ ሆነች ከሮም ቀጥላ ትከበር ተባለ። የተሰጣት ክብር የቤተ መንግሥቱ ክብር እንጂ የሐዋርያት ስብከት አልነበረም፤ ይህ እስክንድርያን አሳዘናት፤ ማዘኗም አይደንቅም። ነገር ግን በ403 የኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ ከጳጳሳቱ ጋራ ባሕር ተሻግሮ በኬልቄዶን አጠገብ በተደረገው ጉባኤ ዮሐንስ አፈ ወርቅን ከመንበሩ አወረደው። የንግሥቲቱ ቍጣ እንደ ነበረበት አውቃለሁ፤ የሌላም ሰው እጅ ነበረበት። ሆኖም በዚያ ቀን የሁለት ከተሞች ቅንዓት የቤተ ክርስቲያንን ልብስ ለብሶ ተቀመጠ፤ አፈ ወርቅም በ407 በስደት ዐረፈ። እኛ ዛሬ የዮሐንስን ድርሳን እየተረጐምን እንጠቀማለን፤ የከተሞቹን ክርክር ግን የሚያስታውሰው የታሪክ ተማሪ ብቻ ነው።

የሚደነቅ ፉክክርም አይቻለሁ። በቅኔ ቤት ሳለን የዋሸራ፥ የጎንጅና የዋድላ ተማሪዎች በተገናኘን ጊዜ ጸብ እስኪመስል ድረስ እንከራከር ነበረ፤ አንዱ የሌላውን የቅኔ መንገድ ይነቅፋል፤ በማግስቱም የነቀፈውን ሊሞክር ሌሊቱን ሲቈጥር ያድራል። ዳሩ ግን ማናችንም ብንሆን በአንድ ቦታ ሙሉ አንሆንም ነበረ። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተ ልሔም መሄድ ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት ለሚሻ ዙር አምባ ነው፤ አቋቋም ለሚሻ ጎንደር፥ ቅዳሴ ለሚሻ ደብረ ዓባይ ወይም ሰለልኩላ ነው። ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ የውሻውን መዓት በበትር እየተከላከለ ትናንት የነቀፈው አገር ደጅ ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ቤተ ልሔምም ለዋሸራው ተማሪ ድጓ ስላስተማረች ድጓዋ አልጐደለባትም። ዕውቀት ሲሰጥ የማይጐድል ሀብት ስለ ሆነ፥ በእርሱ መቀናናት ማንንም አያስርብም።

ባቱና ጎረቤቶቿ የሚፎካከሩበት ሀብት ግን እንደ ድጓ አይደለም፤ ውኃ ነው። በጀልባው የተነሣው ክርክር ጨዋታ ብቻ ያልመሰለኝ ስለዚህ ነው።

የዝዋይ ሐይቅ ስፋቱ 440 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ባሕር ይመስላል። ጥልቀቱ ግን ከ10 ሜትር አይበልጥም፤ በብዙ ቦታም ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የሚመግቡት ሁለት ወንዞች ናቸው፤ ከምዕራብ መቂ፥ ከምሥራቅ ከአርሲ ተራራ የሚወርደው ቀታር። የሞላው ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወጥቶ ወደ አቢጃታ ሐይቅ ይወርዳል። አቢጃታ መውጫ የለውም፤ የተላከለትን ይዞ በፀሐይ ይተናል። እንግዲህ በመቂና በቀታር ዳር ያለው ገበሬ ለቲማቲምና ለሽንኵርት ሞተሩን ሲያስነሣ፥ በባቱ ዳርቻ አበባው ሲጠጣ፥ ከተማዋም ሰፍታ ብዙ ቧንቧ ስትከፍት፥ የቡልቡላ ወንዝ ይቀጥናል። አቢጃታም ከራሱ ከሐይቁ ሶዳ የሚያወጣው ፋብሪካ ተጨምሮበት በኛ ዕድሜ ከዳርቻው ብዙ ሸሽቷል፤ ጨውነቱ በርትቶ ዓሣው ስለ ጠፋ፥ ዓሣ የሚበሉት ወፎች ምግባቸውን ሌላ ቦታ ፈላጊዎች ሆኑ።

በዚህ ነገር ፈርዶ መናገር ቀላል አይደለም። በአበባው ቤት ብዙ ሴቶች ልጆች ሠርተው ወላጆቻቸውን ይረዳሉ፤ የመቂውም ገበሬ ዝናብ ሲከዳው ልጁን በዚያ ሞተር ያሳድጋል። እነዚህን ሰዎች ሌቦች ብዬ የምጠራ እኔ ማን ነኝ? የምከስሰው አሳባችንን ነው። የመቂ ሰው ከተማዬ አደገች ሲል ባቱን አያስባትም፤ የባቱ ሰው ከተማዬ መቂን በለጠች ሲል ቡልቡላን አያስባትም። ቀንተን ዐይናችንን የምንተክለው ከፊታችን ባለው ላይ ነውና፥ ከበታቻችን ያለውን አናይም። ባቱ የውኃዋን ነገር በምትመክርበት ጉባኤ የቡልቡላ ሽማግሌ ወንበር ቢኖረው፥ መቂም የባቱን ሰው ብትጠራ፥ ፉክክሩ ይቀራል አልልም፤ ፊት ለፊት ይሆናል እንጂ።

በደሴቱ ላይ አንድ አረጋዊ አባት የቦታውን ታሪክ ነገሩን። በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ተሰድደው ወደዚህ እንደ መጡ፥ 70 ዓመት ያህልም እዚህ እንደ ተቀመጠች፥ ሰላም ሲሆን ወደ አክሱም እንደ ተመለሰች አበው በትውፊት ያወርሱናል። ነጋዴው ነገሩ ገርሞት፥ «አባ፥ በእጃችሁ የገባችውን ታቦት እንዴት ሳትከራከሩ ሰጣችሁ? ይህ ደሴት ዛሬ አክሱም በሆነ ነበር» አላቸው።

አባም፥ «ልጄ፥ ስትመጣ የአክሱም አልነበረችምን?» ብለው ወደ ብራና መጻሕፍቱ መሩን።

ስንመለስ ነፋስ ተነሣ። ወደ ባቱ ዳርቻ ስንቀርብ እምቦጭ የሚሉት አረም ሞተሩን ያዘው፤ ባለ ጀልባው አጥፍቶ በእጁ ይነቅል ጀመር፤ መምህሩም እጀ ጠባቡን ሰብስቦ ረዳው። ነጋዴው ጥቂት ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና፥ «ይህ አረም በወንዙ ወደ ቡልቡላ ይወርዳልን?» ብሎ ጠየቀ።

ባለ ጀልባው ቀና ሳይል፥ «ውኃው ከወረደ አብሮ ይወርዳል» አለው።