አመስጋኙ ምን ያውቃል?

«ያን ጊዜ አልቅሼ ነበር፤ ዛሬ ግን አመሰግናቸዋለሁ።» ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ላይ ያደገ ሰው ይህን አነጋገር ሳይሰማ አልቀረም። የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ አባታቸው ልጄን አስኳላ አልሰድም ብሎ እቤት ፊደል ያስቆጠራቸው፣ ኋላም ለየኔታ የሰጣቸው ሰዎች ናቸው። ዛሬ መሪጌታ ወይም የቅኔ መምህር ሆነዋል፤ ዘግይተው ዘመናዊውን ትምህርት ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩም አሉ። ልጁ ራሱ ካመሰገነ ሌላው ምን አገባው?

በቅርቡ በአንድ ቄስ ተዝካር ላይ ግን ነገሩ እንደ ወትሮው በዚሁ አላለቀም። የሟቹ ታላቅ ልጅ መሪጌታ ናቸው። ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው አቡጊዳና መልእክተ ዮሐንስ እንዳነበቡ፣ ዳዊት እንደደገሙ፣ የጎረቤት ልጆች ደብተር ይዘው ሲሄዱ እያዩ አባታቸውን እንዳማረሩ ተናገሩና «ዛሬ ውለታው ገብቶኛል» ብለው ጨረሱ። ጠላ ሲያዞሩ የነበሩት እኅታቸው ቆም አሉ። «አንተን ፊደል አስቆጠረህ፤ እኔን ውሃ አስቀዳኝ። እኔም እኮ እቤቴ ነው የተማርኩ» አሉ። ግማሹ እንግዳ ሳቀ፣ ግማሹ አቀረቀረ። መሪጌታው «የዛሬ ቀን ነውር አይደለም እንዴ?» ሲሉ እሳቸው ቀጠሉ፤ «ምን አጠፋሁ? እኔም ላመሰግን ነው። እናቴ መፍተሉን፣ መጋገሩን፣ መጥመቁን አስተምራ ሰው አድርጋኛለች። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ስትድረኝ አልቅሻለሁ። ዛሬ አልወቅሳትም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እነዚህ ሁለት ምስጋናዎች እንቅልፍ ይነሱኛል። መልካቸው አንድ ነው፤ ያኔ ልቅሶ፣ ዛሬ ማስተዋል። የወንድምዬውን ስንሰማ ደስ ይለናል፤ የእኅትዬውን ስንሰማ ዓይናችንን እንሰብራለን። ምስጋና የወላጅን ውሳኔ የሚያጸድቅ ከሆነ ሁለቱንም ማጽደቅ አለበት። የአንደኛዋን ካላጸደቀ የሌላኛውንም ያጸደቀው ሌላ ነገር ነው፤ ዳዊቱና ቅኔው ራሳቸው መልካም ስለሆኑ እንጂ ልጁ ስላመሰገነ አይደለም።

«የቤት ትምህርት» ሲባል ውጭ አገር እንደሚደረገው የመማሪያ መጽሐፍ ገዝቶ እናት ማስተማሯን ብቻ የሚያስብ ሰው ጎጃም ይህ የለም ይለኝ ይሆናል። እኔ የምለው ወላጅ ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አስቀርቶ በራሱ መንገድ ለማሳደግ የወሰነውን ነው፤ ይህ ደግሞ ከጥንትም ሞልቶን ነበር።

በእንዲህ ያለ ክርክር መካከል የሐዲስ ዓለማየሁ ስም መነሣቱ አይቀርም። ከቤተ ክህነት ትምህርት፣ ከጎጃም ቅኔ ቤት ወጥተው ታላቅ ደራሲ ሆኑ፤ እንግዲህ ምን ጎደላቸው? ይባላል። ሐዲስ ግን አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊውንም ተምረዋል፤ ለአንዱ ትምህርት ብቻ ምስክር አድርጎ መጥራት አያስኬድም። ይልቅስ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ይበልጥ ያስጨንቀኛል። በዛብህን ከመወለዱ ጀምሮ የወሰኑለት ወላጆቹ ናቸው፤ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጁ በሕይወት እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። ባይወዱት ኖሮ አይሳሉትም ነበር። ያ ስእለት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀውም። ሰብለ ወንጌልም በፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ውስጥ፣ አስተማሪ እቤት ድረስ መጥቶላት የተማረች ልጅ ናት። ያ አስተማሪ በዛብህ መሆኑ የደራሲውን ብልሃት ያሳያል፤ ሁለት በወላጅ ውሳኔ የታጠሩ ልጆችን በፊደል ሰበብ አገናኝቷቸዋል። በዛብህ ወላጆቹን ለማመስገን የሚያበቃ ዕድሜ አላገኘም።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ ልግባ። አመስጋኙን የሠራው የተመሰገነው ውሳኔ ራሱ ነው። ለዓመታት ቅኔ ሲቆጥር ያደገ ሰው ቅኔን የሚወድ ሰው ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ «ቅኔ በመማርህ ደስ አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተከሳሹ ያሳደገውን ሰው ዳኛ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆኤል ፋይንበርግ በ1980 እ.ኤ.አ. በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ፣ ልጅ ሲያድግ የሚመርጠው ብዙ መንገድ ክፍት ሆኖ ሊቆይለት ይገባል ብሎ ሲከራከር ይህን እንቆቅልሽ አላለፈውም፤ ወላጅ የሚያሳድገው ልጅን ብቻ አይደለም፣ ኋላ የሚፈርድበትንም ሰው ጭምር ነው። ሌላም አለ። በረሃብና በውሻ ንክሻ ተማርረው አኩፋዳቸውን ጥለው የተመለሱት፣ ቅኔው ያልሆነላቸው፣ ኋላም አስኳላው ያመለጣቸው በተዝካር ላይ ተነሥተው አይናገሩም። የምንሰማው የተሳካላቸውን ነው።

ይህ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከልክ በላይ ጠንካራ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ያደገውስ በማን ተሠራ? ሳይንስና ታሪክ የተማረ ሰው ቅኔ ቤትን ሲንቅ ያ ንቀት ከየት መጣ? በማንም ሳይሠራ አድጎ ሊፈርድ የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ ተቃውሞው ምስጋናን ብቻ ሳይሆን ወቀሳንም ይሽራል፤ አድገው ወላጆቻቸውን የከሰሱትንም አፍ ያዘጋል። ስድሳ ዓመት የኖረን ሰው «ስለ ራስህ ሕይወት የምትለው አይታመንም» ማለት ደግሞ ድፍረት ነው። እኔ አልደፍርም።

መካከለኛ መንገድ ያለ ይመስላል፤ እሱንም ያየሁት ከሩቅ አገር ሰው ላይ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሚል ልጁን ጆን ስቱዋርትን ትምህርት ቤት ሳይልክ ራሱ አስተማረው፤ በሦስት ዓመቱ ግሪክኛ፣ በስምንት ዓመቱ ላቲን አስጀመረው። ልጁ በሃያ ዓመቱ፣ በ1826 እ.ኤ.አ.፣ የመኖር ጣዕም ጠፋበት። በሞተበት ዓመት፣ በ1873 እ.ኤ.አ.፣ የታተመው የሕይወት ታሪኩ ሁለቱንም ይዟል፤ አባቱ ከእኩዮቹ እጅግ አስቀድሞ እንደሰደደው ይመሰክራል፣ ስሜቱ ግን ሳይኮተኮት እንደቀረም አይደብቅም። ሲያገግም የረዳው የዎርድስወርዝ ግጥም ነበር። (እኛ አገር ቢወለድ ግጥሙ አስቀድሞ በደረሰው ነበር።) የጆን ስቱዋርት ሚል ምስጋና የሚታመነው የጎደለውን በስሙ ጠርቶ ስለሚያመሰግን ነው። በዚህ ሚዛን ቅኔ ቤት ጥሩ ቦታ ያገኛል፤ ተማሪው የቆጠረውን ጉባኤ ቃና ሲነግር ይታረማል፣ ይከራከራል፣ በሰሙ እያወደሰ በወርቁ መውቀስን ይማራል። ከሳሹን ራሱ የሚያስታጥቅ ትምህርት ነው። እንዲያውም የመሪጌታው የተዝካር ምስጋና ወርቁ ምን እንደነበር ማን ያውቃል?

ነገር ግን ሚዛኑን ይዤ ወደ እኅታቸው ስሄድ እጄ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው የጎደለባቸውን የማያውቁ አይደሉም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጅ አዝለው ፊደል ቆጥረዋል። «ስሜን ስጽፍ ነው ምን እንደቀረብኝ ያወቅሁ» ይላሉ። እያወቁ፣ የጎደለውን በስሙ እየጠሩ እናታቸውን አመሰገኑ። በጆን ስቱዋርት ሚል ሚዛን ምስጋናቸው ሙሉ ነው። ታዲያ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መዳርን ላጽድቅ? አላጸድቅም። ሚዛኑም ከዚህ ወዲያ አላሻገረኝም።

የቀረኝ ጠባብ ነገር ነው። እኅታቸው ያመሰገኑት እናታቸውን ነው፤ ስለ አባታቸው ያሉት «ውሃ አስቀዳኝ» ብቻ ነው። እናትየዋ ፊደል አልነበራቸውም፤ ያላቸውን ሙያ ሁሉ ሰጡ። አባትየው ፊደል ነበራቸው፤ ለአንዱ ሰጥተው ከአንዷ ከለከሉ። ስጦታና ምርጫ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ልጅ ስለ ስጦታው ሊመሰክር ይችላል፤ ምን ያህል ልብ እንደፈሰሰበት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለ ምርጫው ግን፣ ማለትም ምን እንደተተወና ከማን እንደተነጠቀ፣ አመስጋኙ ከሌሎቻችን የተሻለ የሚያየው ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። መሪጌታው አባታቸውን ሲያመሰግኑ እኅታቸው በዚያው ጎጆ ውስጥ እንደነበሩ አላስታወሱም።

«ለራስህ ልጆች ምን አደረግህ?» የሚለው ፈተና ፈጣን መልስ ይሰጣል የሚሉ አሉ። ወንድምም እኅትም ልጆቻቸውን ማርቆስ ትምህርት ቤት ልከዋል፤ ይህ ግን ዘመን መለወጡን እንጂ አባትየው መሳሳታቸውን አያሳይም። ውጤት ይፍረድ የሚሉትም አሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አንዳንድ ሽማግሌዎች «አስኳላችሁ ይህ ነው?» ብለው ነበር። ከሃምሳ ዓመት በፊት የወሰነ አባት ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ በአጋጣሚ ልክ መሆን ልክ ወስኖ መገኘት አይደለም።

ጥያቄው ዛሬ ጎጃም ላይ በሌላ መልክ መጥቷል። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ማታ ምድጃ ዳር ልጁን የሚያስነብብ አባት፣ የድሮ ደብተሯን አውጥታ ታናሿን ሒሳብ የምታሠራ እኅት አሉ። እነዚህ ቤተሰቦች የቤት ትምህርትን አልመረጡም። ከሃያ ዓመት በኋላ ከልጆቹ አንዱ «አባቴ ነው ያስተማረኝ፤ ዛሬ ውለታው ገባኝ» ይል ይሆናል፤ እውነቱንም ይሆናል። አባትየው የሚመሰገኑት ባልመረጡት ነገር ውስጥ ስለሰጡት ነው። ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ ያደረጉት ሰዎች ግን ያን ቀንም የራሳቸው ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፤ ልጁ አባቱን ማመስገኑ የእነሱን መልስ አያስቀርላቸውም።