በአራቱ ወቅቶች በዓባይ ዳር



ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ በመጨረሻው ምዕራፉ የሚተርክልን የትንሣኤ ታሪክ ደክሞት ለሚያውቅ ሰው ሁሉ የቀረበ ነው። ደቀ መዛሙርት ሌሊቱን ሙሉ ሲለፉ አድረው አንዳች ሳይዙ ሲነጋ፣ ጌታችን በባሕሩ ዳር ቆሞ ነበር፤ እነርሱ ግን እርሱ መሆኑን አላወቁም። ወደ ምድር በወጡ ጊዜ የከሰል ፍም፣ በላዩም ዓሣ፣ እንጀራም ተዘጋጅቶ አገኙ። ይህ ምንባብ ሲነበብ የብዙዎቻችን ልቡና ወደ ጥብርያዶስ ባሕር ይሄዳል። እኛ ግን በሰማነው ቁጥር አንድ ሌላ ዳርቻ ትዝ ይለናል፤ እርሱም ከመካነ ሰላም በስተምዕራብ፣ ከወሎ ቦረና ደጋ ሥር ያለው የዓባይ ዳር ነው።

ቦታውን ለማታውቁት ጥቂት እንግለጽላችሁ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ማለዳና ማታ ጋቢ የምታስደርብ የደጋ ከተማ ናት። ቀድሞ የደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ከእርስዋ አይርቅም፤ በዚያ ጓሳው፣ አስታውና ጅብራው ይበቅላሉ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። ከደጋው ወደ ዓባይ የሚወርድ መንገደኛ ግን ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ገብሱንና ስንዴውን ትቶ ወደ ጤፉ፣ ጤፉን ትቶ ወደ ማሽላውና ወደ ግራሩ ይደርሳል፤ ጋቢውንም አጣጥፎ በትከሻው ያደርጋል። ከታች ወንዙ አለ፤ ከማዶ ጎጃም፣ የመርጡለ ማርያም አገር ነው። በዳርቻው ከተማ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ማረፊያ ቤት የለም። ሐሩሩ፣ ወባውና አዞው ሰው እንዳይሰፍርበት ጠብቀውታል። የውኃው ድምፅና የወፎቹ ጩኸት ብቻ ይሰማል።

አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ ዓመቱን በአራት ከፍለው ክረምት፣ መፀው፣ በጋና ጸደይ ብለው ሰይመውታል። እኛም በአንድ ዓመት ውስጥ በአራቱም ወቅቶች ወደዚያ ዳርቻ ወርደናል። የወረድነው ግን ለሽርሽር አልነበረም።

ታሪኩ የጀመረው በክረምት ነው። ገና አዲስ ካህን ሳለን፣ በዚያ በኩል ወሎንና ጎጃምን የሚያገናኘው ድልድይም ሳይሠራ፣ በአካባቢው ተበትነው የሚኖሩትን ጥቂት ምእመናን ለመጎብኘት ሄደን ነበር። በነሐሴ 25 ቀን አንድ ወጣት ወንዙ ወሰደው። ማዶ ጎጃም በእርሻ ሥራ ተቀጥሮ ከርሞ፣ እንቁጣጣሽን ከእናቱ ጋር ለመዋል በተነፋ ስልቻ ላይ ሆኖ ሲሻገር ነበር። ዓባይ በዓመት ከሚያወርደው ውኃ እጅግ የሚበዛው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ጥቂት ወራት የሚፈስ ነውና፣ በነሐሴ የሚሻገር ሰው ነፍሱን ይዞ ይሻገራል። አብረውት የነበሩት ወጡ፤ እርሱ አልወጣም። ሬሳውም አልተገኘም።

እኛ ለእናቱ የምንናገረውን ከሴሚናሪ ይዘን መጥተን ነበር። ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ፣ ስለ መከራ ጥቅም፣ ስለ ትዕግሥት ብዙ ተናገርን። እኒያ እናት እስክንጨርስ ታግሠውን፣ «አባ፣ ቃል አይጨምሩብኝ። ልጄ ያለው ታች ነው፤ ፍትሐቱን ታች ይድረሱልኝ» አሉን። አፍረን ዝም አልን። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው እንደ ተቀመጡ መጽሐፍ ይነግረናል፤ ስሕተታቸው የጀመረው መናገር ሲጀምሩ ነው።

መፀው በመስከረም 26 ቀን ይገባል። የልጁ አርባ የዋለው በመስከረም 30 ቀን ነበርና፣ በዚያ ቀን ወደ ወንዙ ወረድን። እናቲቱ በበቅሎ፣ ዘመድና ጎረቤት በእግሩ ሆነ። በወሎ እንደ ተለመደው ሙስሊም ጎረቤቶችም አብረውን ወረዱ፤ እኛ ጸሎተ ፍትሐቱን ስናደርስ እነርሱ ራቅ ብለው ቆመው በየልባቸው ዱዓ አደረጉ። ውኃው ገና ደፍርሶ ዳርቻውን ሞልቶ ይሄድ ነበር፤ የምንቆምበት አሸዋ እንኳ ስላልነበረ ጸሎቱን ያደረስነው በጭቃና በጎርፍ ጉድፍ መካከል ነው። መቃብር በሌለበት ፍትሐት ስናደርስ ያ የመጀመሪያችን ነበር። ዕጣኑን ወዴት እንደምናጥን አላወቅንም፤ ወደ ወንዙ አጠንን።

በዚያ ሰዓት ዓይናችን ወደ ማዶ አየ። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1791 ዓ.ም. የተወለደው በዚያው በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አገር በዲቦ ነው። እውነትን በመፈለግ እስከ ግብፅ፣ እስከ ሮምና እስከ ኢየሩሳሌም ተጉዞ፣ በመጨረሻ በ1855 በክረምት ወራት፣ በሰንሰለት ታስሮ ከሠራዊት ጋር እየተጎተተ በወሎ ምድር አረፈ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናውን አወጁ። እርሱም ከዓባይ ማዶ ተነሥቶ ወደ ወሎ መጥቶ፣ ከቤቱ ርቆ በክረምት የሞተ ነው። ይህን ለእናቲቱ አልነገርናቸውም፤ ጸሎቱን ግን ለእኛ ለራሳችን በአደራ ሰጠን።

በጋ ሆነ። ከጥምቀት በዓል በኋላ በጥር ወር ስንወርድ እኒያ እናት ከእኛ ጋር ለመውረድ እምቢ አሉ። ዳርቻውን ባየን ጊዜ የምናውቀው ቦታ አልመሰለንም። ውኃው ጠርቶ ወደ መካከል ሰብሰብ ብሏል፤ በዳርና ዳር ንጹሕ፣ ነጭ አሸዋ ተዘርግቷል፤ በላዩም የወፎች የእግር ዱካ ብቻ ይታያል። ጫማችንን አውልቀን በአሸዋው ላይ ሄድን፣ ሰዓታቱንም በዚያ ጸለይን፣ ደስም አለን። ከዚያ በኋላ በድንገት የቆምንበት ቦታ ፍትሐት ያደረስንበት መሆኑን ዐወቅን። እኒያን እናት ለአንድ ማለዳ ፈጽመን ረስተናቸው ነበር።

ወዳጆች ሆይ፣ ይህን የምንናዘዘው ብዙዎቻችን እንዲህ ስለምናደርግ ነው። ወደ እግዚአብሔር የምንሄደው አሸዋው ነጭ፣ ውኃውም የጠራ ሲሆን ነው። እምነታችን የበጋ እምነት ይሆናል። መከሩ የተሳካ እንደ ሆነ፣ ልጆቹም ጤነኞች እንደ ሆኑ ቤተ ክርስቲያን እንሞላለን፤ ጎርፉ ሲመጣ ግን ዳርቻውን ለሐዘንተኛው ብቻ ትተን እንወጣለን። በአሸዋው መደሰት ኃጢአት አይደለም፤ ያን ውበት የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ኃጢአቱ በወንድማችን የለቅሶ ስፍራ ላይ ወንድማችንን ረስቶ መደሰት ነው።

ጸደይ በመጋቢት 26 ቀን ይገባል። ትንሣኤ ካለፈ በኋላ እንደ ገና ወረድን። የቆላው ሐሩር ስለማይቻል መንገደኛ ሌሊት ወርዶ ጎሕ ሲቀድ ይሻገራል፤ እኛም እንዲሁ አደረግን። ገና ጨለማው ሳይገፍ ከታች በአሸዋው ላይ የእሳት ብርሃን አየን። ቀርበን ስናይ እኒያ እናት ናቸው። ከሰል አቀጣጥለው፣ ጀበና ጥደው፣ በመሶብ ዳቦ ይዘው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ለመሻገር የሚጠባበቁ ወጣቶች ቡና ይጠጣሉ። እናቲቱ እያንዳንዱን፣ «የማን ልጅ ነህ? ዋና ትችላለህ? ውኃው ሲጨምር አትምጣ» ይላሉ። እኛን ባዩን ጊዜ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙና፣ «አባ፣ ይቀመጡ፤ ቁርስ አለ» አሉን።

ያን ማለዳ ስለ ዮሐንስ ወንጌል ምንም አልሰበክንም። ነገር ግን በባሕሩ ዳር ፍም አዘጋጅቶ የደከሙትን ቁርስ እንዲበሉ የጠራቸው ማን እንደ ነበረ ዐወቅን። ደቀ መዛሙርት በእርግጥ ዐውቀውት ስለ ነበር አንተ ማን ነህ ብሎ ሊጠይቀው የደፈረ እንዳልነበረ ወንጌል ይናገራል፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሐዘናቸው አልቆ ነበርን? አላለቀም። ዓመቱ ዞሮ በነሐሴ ተዝካሩን ለማድረግ ስንሰበሰብ ከደጋው ጫፍ ቆመን የወንዙን ጩኸት ሰማን፤ እናቲቱም እንደ መጀመሪያው ቀን አለቀሱ። ያ ነጭ አሸዋ ጠፍቷል፤ የቡናው እሳት የነደደበት ስፍራ ከውኃው በታች ሆኗል። ውኃውንም ያደፈረሰው የራሳችን ደጋ አፈር ነው። ይህ አፈር በብዛት እስከ ሱዳንና እስከ ግብፅ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ብዙው ይቀራል። ጫካውን መንጥረን፣ ተዳፋቱን ያለ እርከን አርሰን የላክነው እኛው ነን። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ፍጥረት በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት የምድርን ጩኸትና የድሆችን ጩኸት አንድ አድርገው እንድንሰማ አሳስበውናል። በዚያ ደጋ ጫፍ ላይ ሁለቱ በእውነት አንድ ድምፅ ነበሩ።

ከዚያ ዓመት የተማርነው አንድ ነገር ነው። ወንዙ በየክረምቱ ዳርቻውን ይወስዳል፤ በየበጋውም ዳርቻ ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን ያንኑ አሸዋ አይደለም። ለእኒያ እናት ልጃቸው አልተመለሰላቸውም። የተመለሰላቸው የሚቆሙበት ዳርቻ ነው፤ በዚያም ላይ የሌሎችን ልጆች መገቡ። እግዚአብሔር የወሰደውን ሁሉ በዚህ ዓለም እንደ ነበረ ይመልሳል ብለን ለማንም አንማል። በትንሣኤ ሁሉን እንደሚያድስ እናምናለን፤ እስከዚያው ግን እሳት የምናነድበት ዳርቻ አያሳጣንም።

ዛሬ ድልድዩ ተሠርቷል፤ መኪናው በጥቂት ደቂቃ ያሻግራል። ለተሳፋሪው ሁሉ እፎይታ ነው፤ ብዙ እናቶችንም ከለቅሶ አድኗልና እግዚአብሔር ይመስገን። ከታች ያለው ዳርቻ ግን ከቀድሞው ይልቅ ጸጥ ብሏል። በየመንደራችንም እንዲሁ ማንም የማይወርድባቸው የለቅሶ ዳርቻዎች አሉ፤ ከሠልስቱ በኋላ ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ዕድርተኛው ተበትኖ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን የቀረባቸው ቤቶች ናቸው። በዚህ ወር ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ እንውረድ። የምንናገረው ባይኖረን አያሳፍርም፤ ዳቦና ቡና ይዘን እንቀመጥ። ዓመቱ አራት ወቅት አለውና፣ በአንዱ ሄደን በሦስቱ አንቅር።

በማለዳ በባሕሩ ዳር ቆሞ የደከሙትን የጠበቀ ጌታ፣ በክረምታችንም በበጋችንም ይጠብቀን፤ ሬሳቸው ያልተገኘላቸውን፣ መቃብራቸው የማይታወቀውን ሁሉ እርሱ በስማቸው ያውቃቸዋልና በመንግሥቱ ያስባቸው። አሜን።