የምንፈራውን እንዴት እንወደዋለን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁ ሕፃናትን ስንጎበኝ አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ «አባ፣ እግዚአብሔርን ውደዱ ይሉናል፤ ፍሩም ይሉናል። የምንፈራውን እንዴት እንወደዋለን?» ሲል ጠየቀን። ጊዜው አጥሮን ነበርና «ስታድግ ይገባሃል» ብለን አለፍነው። በኋላ እንደ ሰማነው ልጁ «ብትዋሽ እግዚአብሔር ያቃጥልሃል» እየተባለ ያደገ ነበር፤ ለኑዛዜ በተጠራ ጊዜም ሳይመጣ ቀረ። ያን ጊዜ የሰጠነው መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

በአገራችን «ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው» ሲባል የሚንቀጠቀጥ ሰው ማለት አይደለም። ገዢው ዞር ባለበት ሰዓት እንኳ ሚዛኑን የማያጎድል ነጋዴ፣ የሙት ልጅ ርስት በአደራ ተቀብሎ ሳይነካ የሚያስረክብ ዘመድ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ቃል ከቤት ሲገባ መልኩ ይለወጣል፤ ብርጭቆ የሰበረን ሕፃን ማስደንገጫ ይሆናል። ያ ልጅ የሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነበር።

ቅዱስ መጽሐፍ በየትኛው አሳብ እንደሚናገር ለማወቅ ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 11ን መመልከት ይጠቅማል። በምሥጢረ ሜሮን የምንቀበላቸው ሰባቱ የመንፈስ ቅዱስ ስጦታዎች የተወሰዱት ከዚያ ነው። በዕብራይስጡ እግዚአብሔርን መፍራት የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ይገኛል፤ ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት ግን የመጀመሪያውን በአክብሮት ማምለክን በሚያመለክት ቃል፣ ሁለተኛውን በፍርሃት ተረጐሙት። ስጦታዎቹ ሰባት ሆነው የተቆጠሩትም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ አክብሮትና ፍርሃት የምንላቸው ከአንድ ቃል የወጡ ናቸው። ደግሞም ነቢዩ ይህ መንፈስ ያርፍበታል ያለው በመሲሑ ላይ ነው። ልጁ ኢየሱስ ክርስቶስ አባቱን እንደ ጨካኝ ዳኛ ፈራው የሚል ማን አለ?

ቅዱስ አውግስጢኖስ የዮሐንስን የመጀመሪያ መልእክት ሲያብራራ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ሐዋርያው ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን እንደሚያስወግድ ያስተምራል፤ መዝሙረኛው ደግሞ እግዚአብሔርን መፍራት ለዘለዓለም ጸንቶ እንደሚኖር ይዘምራል። ታዲያ የትኛውን እንያዝ? አውግስጢኖስ ሁለት ሚስቶችን በምሳሌ ያቀርባል። ሁለቱም ባላቸውን ይፈራሉ። የማትታመነው ሴት ባሏ ድንገት እንዳይመጣባት ትፈራለች፤ የታመነችው ግን ትቷት እንዳይሄድ ትፈራለች። ከዚህ የበለጠ የተብራራ መልስ አላገኘንም። ፍቅር አስወጥቶ የሚጥለው የመጀመሪያይቱን ፍርሃት ነው፤ የሁለተኛይቱ ግን ከፍቅር ጋር አብሮ ያድጋል።

እዚህ ላይ ግን መቸኰል አይገባም። ዛሬ አንዳንዶች ሲኦልን ከስብከታቸው ጨርሰው አውጥተው «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» በማለት ብቻ ይወሰናሉ። ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ ቅጣትን የሚፈራውን የባሪያ ፍርሃት ከልጅ ፍርሃት ቢለይም ጥቅም የለውም አላለም። የትሬንቶ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1551 ከሲኦል ፍርሃት የሚነሣ ጸጸት፣ ኃጢአትን የመተው ፈቃድና የምሕረት ተስፋ ካለበት፣ ፍጹም ባይሆንም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነና ሰውን ለምሥጢረ ንስሐ እንደሚያዘጋጅ አስተምሯል። በሌሊት ደንግጦ የተነሣ ሰው በማለዳ ወደ ካህን ቢመጣ አንመልሰውም። በደጃፉ የገባ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ በደጃፉ ላይ ቆሞ እንዲቀር ማድረግ የእረኛ ሥራ አይደለም።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ሁልጊዜ ክፉ ነው አንልም፤ ብዙ ሰው ከብዙ ጥፋት ጠብቋል። ነገር ግን ጎረቤት እንዳይታዘበን ስንጾም፣ ዘመድ እንዳያማን ስናስቀድስ፣ የሰውን ፍርሃት በእግዚአብሔር ፍርሃት ቦታ አስቀምጠናል። ልጆቻችን ወደ ከተማ ወይም ወደ ዓረብ አገር በሄዱ ጊዜ የሚያውቃቸው ሰው ስለማይኖር ይሉኝታው ይወድቃል፤ ከሥሩ ሌላ ነገር ካልተተከለ ባዶ ሜዳ ይቀራል። ሐዋርያው ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ከአንዲት ገረድ ፊት ጌታውን የካደው እግዚአብሔርን ፈርቶ አልነበረም።

ይኸው ጴጥሮስ ግን ቀደም ሲል መረቡ በዓሣ በተሞላ ጊዜ በኢየሱስ ጉልበት ሥር ወድቆ ከእኔ ራቅ ሲል ለመነው። አፉ ይህን ይበል እንጂ እግሩ ከዚያ አልራቀም። አዳም በዛፎቹ መካከል ተሸሸገ፤ ሙሴ ፊቱን ቢሸፍንም ጫማውን አውልቆ በተቀደሰው ምድር ላይ ቆመ። በግእዝ ሥርዓት በሚቀደስባቸው ብዙ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ጫማ አውልቀን የምንገባው ይህን እያሰብን ነው። ጫማውን ያወለቀ ሰው ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አይሸሽም። (በቅዳሴ መካከል ተንቀሳቃሽ ስልኩን የሚመለከተውም ጫማውን ማውለቁን አልዘነጋም፤ የቆመበትን ግን ዘንግቷል።)

በዚያ ቁምስና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ዛሬ ሕፃናቱን ከመጀመሪያው ኑዛዜ አንድ ሳምንት አስቀድመው ወደ ካህኑ ያመጧቸዋል። ካህኑ ስማቸውን ይጠይቃል፣ የሚናዘዙበትን ቦታ ያሳያቸዋል፣ የጠፋውን ልጅ ታሪክ ይነግራቸዋል፤ አባትየው ሮጦ የወጣው ልጁ ገና ሩቅ ሳለ እንደ ነበር ሳያስታውሳቸው አያልፍም። አንዳንዶቹ በዕለቱ ያለቅሳሉ፤ ቢሆንም ይመጣሉ።