ስለ አጋጣሚ ነገርና «እግረ ደረቅ» ስለ ማለት

ሁለት ነገር በአንድ ቀን ሲገጣጠም የሰው ልብ ዝም ብሎ አያልፈውም፤ አንዱን ለሁለተኛው ምክንያት ያደርገዋል። እንግዳ ሲገባ ዝናም የዘነመ እንደ ሆነ «እግረ ርጥብ ነው» ብለን እናመሰግነዋለን። ይህስ የፍቅር ጨዋታ ነውና ብዙ አይጐዳም። ነገር ግን በዚያው ልማድ በድኻ ላይ እንፈርዳለን።

አንዲት ልጅ ለሥራ በገባች በማግስቱ የቤቱ ሕፃን በወባ ታመመ እንበል። ጎረቤቱ ሁሉ «እግሯ ደረቅ ነው» ይላል፤ እርስዋም ደመወዝዋን ሳትቀበል ትባረራለች። እነሆ፥ ሐኪሞች እንደሚያስተምሩን የወባ ንዳድ የሚነሣው ትንኝዋ ከነደፈች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ቈይቶ ነው። እንግዲህ ሕፃኑ የተነደፈው ልጂቱ ደጁን ሳትረግጥ ነበረ። ደግሞስ አገልጋይ ገብታ ማንም ያልታመመበትን ቤት ማን ቈጠረው?

የመላጥያ ሰዎች በጳውሎስ እጅ እፉኝት ተንጠልጥላ ባዩ ጊዜ ነፍሰ ገዳይ ነው አሉ፤ ሳይሞት በቀረ ጊዜ ግን አምላክ ነው አሉ። በአንድ እሳት ዙሪያ ቆመው ሁለት ፍርድ ፈረዱ፤ ሁለቱም ሐሰት ነበረ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ስለ ሞቱም፥ ጌታችን እነዚያ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚለውን አሳብ አልተቀበለም፤ ሰሚዎቹን ወደ ገዛ ንስሓቸው መለሳቸው እንጂ።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ያለ እግዚአብሔር ይሆናልን?» የሚል ተማሪ ይኖራል። አይደለም። ሩት ሳታስበው ከቦዔዝ እርሻ ደረሰች፤ ከዘርዋም ዳዊት ተወለደ። ነገር ግን ቦዔዝ በዚያ ቀን ምልክት ሲፈታ አልዋለም፤ በእርሻው ላገኛት መጻተኛ እንጀራና ውኃ ሰጣት። ወደ ኢያሪኮ በሚወርደውም መንገድ ካህኑ በአጋጣሚ ከቈሰለው ሰው ዘንድ ደረሰ፤ ሳምራዊውም በዚያው መንገድ መጣ። ካህኑ ነገሩን ምን ብሎ እንደ ተረጐመው ወንጌል አልነገረንም፤ ምናልባት እንደ እኛ «ገደ ቢስ መንገድ ነው» ብሎ ይሆናል። ሳምራዊው ግን ዘይትና ወይን አወጣ።

ስለዚህ የቤት ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፥ ያባረራችኋት ልጅ ዛሬ በማን ደጅ እንደ ተጠለለች ጠይቁ። የሠራችበትን ቀን ቈጥራችሁ ደመወዝዋን በእጅዋ ስጡ፤ ጎረቤቶችም እየሰሙ በደል እንደሌለባት ተናገሩ፤ በዚያ ክፉ ስም ሌላ ቤት እንዳይዘጋባት።